በካዛክኛ «ግን» እና «ስለዚህ» እያልኩ የኖርኩበት ሥራ

ጡረታ ፀጉር ከሸበተ በኋላ የሚመጣ ነገር ይመስለኝ ነበር። የእኔ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላኝ በአንድ አጭር ኢሜይል መጣ። የካዛክኛ የማስተርጎም መስመር ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ በማሽን እንደሚሠራ፣ ላገለገልኩበት ዘመን ድርጅቱ እንደሚያመሰግነኝ፣ ማዳመጫውን በመጣበት ሳጥን አድርጌ እንድመልስ ይላል። ማዳመጫውን ጠራርጌ፣ ሽቦውን ጠቅልዬ መለስኩ። አሁን ከላስ ቬጋስ አየር ማረፊያ ወደ ሆቴሎች መንገደኛ የሚያመላልስ ሚኒባስ እነዳለሁ። ደግ ሥራ ነው። ሰው ሻንጣውን ይዞ ይገባል፣ ይወርዳል። የተናገረውን ለሌላ ሰው የማድረስ ዕዳ የለብኝም።

የአጎቴ ልጅ አብዱ የሊሞዚን ነጂ ነው። ሥራዬ መቆሙን ስነግረው አልገረመውም። «እኔ ስፓኒሽ ተማር አላልኩህም?» አለኝ። «ስፓኒሽ ብትማር ይሄኔ ከሀብታሞቹ ጋር ሰመርሊን ቤት ገዝተሃል። አንተ ግን ከዓለም ቋንቋ ሁሉ መርጠህ፣ እዚህ ከተማ አንድ ሚኒባስ የማይሞላ ሕዝብ የሚናገረውን ያዝክ።» አብዱ ሲቀልድ ፊቱ አይስቅም። ቋንቋውን የመረጥኩት እኔ አልነበርኩም፤ አንሶላ ነው ያገናኘን።

እናቴና እኔ በዲቪ ከኮምቦልቻ ስንመጣ እሷ ሆቴል ክፍል ማጽዳት ጀመረች፣ እኔ የሆቴሎቹ አንሶላ ከሚታጠብበት ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ገባሁ። ታጥቦ የወጣው አንሶላ ወደ መተኮሻው ማሽን የሚገባው በሁለት ሰው ነው። አንዱ የግራውን ጫፍ ይይዛል፣ አንዱ የቀኙን፤ ወጥረው እኩል ያቀርቡለታል፣ ማሽኑ ይስበዋል። አንዱ ከቀደመ ወይ ከዘገየ አንሶላው ተጨማዶ ይገባል። በቀኝ በኩል የቆሙት ራውሻን የሚባሉ ካዛክ ነበሩ። አጭር ናቸው፤ እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ይሰበስባሉ። በአገራቸው በአንዲት ትንሽ ከተማ የቋንቋ መምህር ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ልጃቸው አመጣቻቸው፣ ቤት መዋል አልሆንላቸው ስላለ ተቀጠሩ። አስተማሪንም በዕድሜ የገፋች ሴትንም በአክብሮት «አፓይ» ይላሉና እኔም ራውሻን አፓይ አልኳቸው። እሳቸው «ባላም» ይሉኛል፤ ልጄ ማለት ነው።

እንግሊዝኛቸው «የስ»፣ «ኖ» እና «ሆት» ነበር። የእኔም ያኔ ከዚያ ብዙ አይሻልም። ስለዚህ በጣት እያመለከትን ተጀመረ፦ አንሶላ፣ እንፋሎት፣ እጅ፣ ውሃ። ቤት ገብቼ በስልኬ የሰዋስው ትምህርት እየፈለግሁ አነባለሁ፣ በማግሥቱ እሳቸው ላይ እሞክራለሁ። ቃል መልቀም ደስ ስላለኝ ክረምቱን ሙሉ ስም ሳጠራቅም ከረምኩ። አንድ ቀን እጃቸውን አንስተው በቃህ አሉኝ። እንደገባኝ፣ ያሉት ይህን ነው፦ የእኛ የጥንት ቤት ከእንጨትና ከብርድ ልብስ ነው የሚሠራው፤ ሚስማር የለውም። ጠፍር ነው አንድ ላይ የያዘው። አንተ እስካሁን የሰበሰብከው እንጨት ነው፤ ጠፍር ግን የለህም።

ጠፍር ያሉት መስተጻምርን ነው። «ቢራቅ» ማለት ግን፣ «ሶንዲክታን» ማለት ስለዚህ፣ «ኦይትከኒ» ማለት ምክንያቱም፣ «የገር» ማለት ደግሞ አንድ ነገር ቢሆን ወይም ካልሆነ ሲባል ከፊት የሚቆም ነው።

ያስተማሩኝ ስልት ከዚያ በኋላ በየትኛውም መጽሐፍ አላገኘሁትም። የቀኙን ጫፍ እያነሱ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ይናገራሉ፣ ማያያዣውን ይጨምሩና ዝም ይላሉ። ማሽኑ አንሶላውን ከመሳቡ በፊት ሌላውን ግማሽ እኔ መጨረስ አለብኝ። «አንሶላው አርጅቷል፣ ቢራቅ…» ይላሉ። «ንጹሕ ነው» እላለሁ። «አንሶላው አርጅቷል፣ ሶንዲክታን…» ይላሉ፤ አሁን «ንጹሕ ነው» አይሠራም፤ «ይጣላል» ማለት አለብኝ። ስሳሳት ጫፋቸውን ይለቁታል። አንሶላው ተንጋዶ ሲገባ የሺፍት አለቃችን ከወዲያ ማዶ ይጮሃል፤ እሳቸው «የስ፣ የስ» ይሉና ለእኔ ዝቅ አድርገው፣ ይህ የሚጮኸው ኦይትከኒ አንተ አታስብም ይሉኛል።

በጣም የገረመኝ ግን የጠፍሩ ብዛት አልነበረም፤ ጠፍር የማያስፈልግበት ቦታ ነው። እነሱ «ከሊፕ ኦትርዲ» ሲሉ እኛ «መጥቶ ተቀመጠ» እንላለን። መምጣቱንና መቀመጡን የሚያስር ሌላ ቃል የለም፤ የመጀመሪያው ግሥ ራሱ ጎንበስ ብሎ ሁለተኛውን ይሸከማል፣ በእኛም በእነሱም። ግሡም መጨረሻ ላይ ይመጣል። ያን ቀን ከኮምቦልቻ እስከዚያ የማላውቀው አገር ድረስ ያለውን መንገድ ግማሹን ሳላውቀው የተጓዝኩት መሰለኝ። ስነግራቸው ራውሻን አፓይ ቆም ብለው አዩኝና፣ እንግዲያው አንተን ማስተማር ሳይሆን ማስታወስ ነው የሚያስፈልገው አሉ።

ስሞችን የሚያጣምረው «መን» አስቸግሮኛል። ናን መን ሻይ፣ ዳቦና ሻይ ነው። ወተትና ሻይ ሲሆን ሱት ፐን ሻይ ይሆናል። ሴት ልጅና ጎልማሳ ሲሆን ቅዝ በን ዥጊት። ቃሉ ከፊቱ ያለውን ድምፅ አይቶ ራሱን ይለውጣል፣ እንግዳ የባለቤቱን እግር አይቶ ጫማውን እንደሚያወልቅ። ይህን ሳልሳሳት እስክናገር የስንት ሆቴል አንሶላ በእጃችን አለፈ። መሳሳት አልወድም። ሰው ፊት ከመሳሳት ዝም ማለት የምመርጥ ልጅ ነበርኩ፤ እሳቸው ይህን ቀድመው አውቀውብኛል።

ስለዚህ አንድ ነገር ደጋግመው ነገሩኝ። ስም ብትስት ግድ የለም፣ ሰሚው ግራ ገብቶት ይጠይቅሃል አሉኝ። ማያያዣውን ብትለውጥ ግን ማንም አይጠይቅህም። ነገሩ ያምራል፣ ይፈስሳል፣ ውሸት ነው። «እዚያ ላይ የሚያይህ አላህ ብቻ ነው፣ ባላም» ያሉኝ፣ አንሶላ አጣጥፈው ሲጨርሱ በመዳፋቸው ደልደል እያደረጉ ነው። ይህ ልማዳቸው ነበር፤ ከባድ ነገር የሚናገሩት አንሶላ ሲደለድሉ ነው።

እሑድ ከቻይናታውን በስተጀርባ ያለው የልጃቸው አፓርትመንት እሄዳለሁ። የመጀመሪያ ቀን ሻይ ሲቀዱልኝ ከሲኒው ግማሽ እንኳ አልሞላም። እኛ ቤት እንደዚያ ቢቀዳ እንግዳው ይቀየማል፤ ስስት ነው። ፊቴን አይተው ሳቁብኝ። በእኛ ሲኒ መጉደል ማለት ቁጭ በል፣ ደግሜ ልቅዳልህ፣ ጨዋታህን እፈልገዋለሁ ማለት ነው አሉ። ሞልቶ የተቀዳ ሻይ፣ ጠጣና ሂድ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግማሽ ሲኒ ሳይ ደስ ይለኛል።

አስተርጓሚ የሆንኩት በእሳቸው ገፊነት ነው። ለሆስፒታልና ለቢሮ አስተርጓሚ የሚያቀርብ አንድ ድርጅት ካዛክኛ ፈላጊ መሆኑን ልጃቸው ሰማች። ሥልጠና ወሰድኩ፣ ተፈተንኩ፣ ወረቀቱን ፈረምኩ። አለቃዬ ዳያን የምትባል ሴት ነበረች፤ ረጋ ያለች፣ ድምጿ የማይለወጥ። የመጀመሪያ ቀን የነገረችን ሕግ አንድ ነበር፦ አትጨምሩ፣ አትቀንሱ፣ አትምከሩ። እኔ ደግሞ ልክ መሆን የምወድ ስለሆንኩ ሕጉ ለእኔ ተብሎ የወጣ መሰለኝ።

ሥራው አብዛኛውን ጊዜ በስልክ ነው፤ አልፎ አልፎ ግን በአካል እሄዳለሁ። ሰመርሊን ውስጥ አንድ ካዛክ ሽማግሌ ለክረምት የሚሆን የፈረስ ሥጋ ጋራዣቸው ውስጥ ሰቅለው፣ በሩን ለነፋስ ከፍተውት፣ የመንደሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ከሰሳቸው። የማኅበሩ ሰውዬ ባህላቸውን እንደሚያከብር፣ ጎረቤት በመሆናቸው ሁሉም ደስ እንደሚለው፣ እሱም ራሱ ጥሩ ሥጋ እንደሚወድ በሰፊው ተናገረ። ሁሉንም አስተረጎምኩ። ሽማግሌው እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝና «ልጄ፣ ይሄ ከቢራቅ በፊት ያለው ነው፣ ሰላምታ ነው» አሉኝ። «ቢራቁን ሲያመጣው ቀስቅሰኝ።» አስተርጓሚ መሳቅ የለበትም፤ ጥርሴን ነክሼ ይህንንም እንዳለ አስተረጎምኩት። ሰውዬው ራሱ ሳቀ፣ በሩ ተዘግቶ ሥጋው እንዲቀር ተስማሙ። ያን ቀን ወደ ቤት ስነዳ ከእኔ የተሻለ አስተርጓሚ በከተማው ያለ አልመሰለኝም። እንዲህ ያሰብኩበት ቀን ዛሬ ትዝ ሲለኝ አንገቴን ያስደፋኛል።

አሁን ኩላሽ አፓን ላምጣ።

ኩላሽ አፓ፣ «አፓ» እናቴ እንደማለት ነው፣ ባለቤታቸው ቶክታር ታመውባቸው ሆስፒታል የነበሩ ሴት ናቸው። የተወለዱት ካዛኮች በሚኖሩበት በሞንጎሊያ ምዕራብ ጫፍ ስለሆነ እንደ ሌሎቹ ካዛኮች ሩስኛ አያውቁም። ስለዚህ የሆስፒታሉ የሩስኛ አስተርጓሚ አልጠቀማቸውም፣ እኔ ተጠራሁ። አንድ ልጃቸው ዬርላን የጭነት መኪና ነጂ ነው፤ ያን ቀን ዋዮሚንግ ላይ ነበር፣ ተደውሎለት እየተመለሰ ነው። ምራታቸው ሕፃን ይዛ ኢንስፒራዳ የሚባለው ሰፈር ቤት ቀርታለች። ሴትየዋ ብቻቸውን ነበሩ።

ከሰዓት በኋላ ነው። ሐኪሟ ወደ አንዲት ትንሽ ክፍል አስገባችን፤ ሦስት ወንበር፣ የወረቀት መሐረብ፣ የበረሃ ሥዕል አለ። ወጣት ናት። ወንበሯን ስባ ጉልበቷ ከኩላሽ አፓ ጉልበት ጋር እስኪገናኝ ቀረበች። ሥራዋን ታውቃለች፤ ቀስ ብላ፣ ለእኔ ፋታ እየሰጠች፣ እኔን ሳይሆን እሳቸውን እያየች ተናገረች። ልባቸው በጣም ደክሟል፣ መድኃኒቱም አልሠራም አለች። ስለዚህ ዛሬን የሚያድሩ አይመስለንም። ግን አሁን ነቅተዋል፣ ይሰማሉ፣ ይናገራሉ። ስለዚህ የምትባባሉት ካለ አሁን አጠገባቸው ሁኚ፣ ምክንያቱም ሰዓቱን ማንም ሊያውቅ አይችልም።

ሁሉም ማያያዣ በየቦታው ነበረ። ራውሻን አፓይ ቢሰሟት ኖሮ ጎበዝ ይሏት ነበር።

እኔ አፌን ስከፍት የኩላሽ አፓን እጅ አየሁ። ሁለቱን እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ልክ እንደ እናቴ፣ የቀሚሳቸውን ጫፍ በጣታቸው ይጠቀልላሉ። የእናቴ ወንድም ኮምቦልቻ የሞተ ጊዜ እዚህ ያሉ የወሎ ሰዎች ሁሉ ሰምተው ለእሷ አልነገሯትም። እህቷ ከሌላ ስቴት እስክትመጣ ተጠበቀ። እናቴ በነዚያ ቀናት እየሳቀች ሥራ ትሄድ ነበር። ማለዳ ተሰብስበው መጥተው፣ ግራና ቀኝ ይዘው ነው ያረዷት። እኔም ከጠባቂዎቹ አንዱ ነበርኩ፣ ስልኳን የደበቅኩት እኔ ነኝ። ማንም ክፉ ሠራችሁ አላለንም፤ እሷም በኋላ መርቃናለች። መርዶ ሴት ብቻዋን ተቀምጣ አይነገራትም። ዘመድ ይመጣል፣ ሰው ይከብባታል፣ ከዚያ ይነገራል። ይህን ያስተማረኝ ማንም የለም፤ ሳድግ ያገኘሁት ነው።

ስለዚህ ልጃቸው ይምጣ አልኩ በልቤ። ልጃቸው ሲደርስ፣ አቅፎ ይዞ፣ እሱ ይንገራቸው።

ለኩላሽ አፓ እንዲህ አልኳቸው፦ ልባቸው በጣም ደክሟል፣ መድኃኒት እየሰጧቸው ነው፣ ቢራቅ አሁን ነቅተዋል፣ ይሰማሉ፣ ይናገራሉ። እዚያ ላይ ቆምኩ። የሐኪሟ «ግን» ወደ ስንብት የሚወስድ ነበር፤ የእኔው «ግን» ወደ ተስፋ ወሰዳቸው። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ካዛክኛዬም አልተሳሳተም።

ፊታቸው ተፈታ። ጠዋት የሥጋ ሾርባ አማረኝ ብሎኛል አሉ፤ ከነቃማ ቤት ደርሼ ሾርባውን ላምጣለት፣ የሆስፒታሉን አይወደውም።

ሐኪሟ ምን እንዳሉ ጠየቀችኝ። ቤት ደርሰው መመለስ እንደሚፈልጉ ነገርኳት። ሾርባውን አልነገርኳትም። ብነግራት ይገባት ነበር፤ ለሚሞት ሰው ሾርባ ለማምጣት ከአጠገቡ የሚነሣ እንደሌለ ታውቃለች። የኩላሽ አፓን ፊት ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ ከዚያን ዕለት በፊትም በኋላም ሐኪም ጠይቆኝ የማያውቀውን ጠየቀችኝ።

«በየትኛውም ሰዓት ሊሆን እንደሚችል ገብቷቸዋል?»

«ገብቷቸዋል» አልኩ።

ሐኪሟ ሰው ሁሉ ይህን በየራሱ መንገድ ነው የሚቀበለው አለች፣ እንዳይቆዩ ንገራቸው አለችኝ። እንዳይቆዩ አልኳቸው። እኔው በስልኬ መኪና ጠራሁላቸው፣ እስከ በሩ ሸኘኋቸው። ጉንጬን ነካ አድርገው «ኮፕ ዣሳ፣ ባላም» አሉኝ፤ ብዙ ዘመን ኑር ማለታቸው ነው። ከሆስፒታሉ ኢንስፒራዳ የከተማውን ዳር ግማሽ መዞር ነው። እኔ ፓርክ ያደረግሁት መኪናዬ ውስጥ ገብቼ፣ መስኮቱን ከፍቼ ጠበቅኳቸው። ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ይህን መደበቅ አልችልም፤ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

ቶክታር የሞቱት ኩላሽ አፓ በመመለሻቸው መንገድ ላይ ሳሉ ነው። ነርሷ ደውላ ጠራችኝ። ሊፍቱ ጋ ቆሜ ስጠብቅ በሩ ተከፈተ፤ ኩላሽ አፓ የሾርባውን ድስት በፎጣ ጠቅልለው፣ እንዳይፈስስ በሁለት እጃቸው ይዘው ወጡ። የሐኪሟን ፊት አዩ፣ የነርሷን አዩ፣ የእኔን አዩ። ምንም ሳልናገር ገባቸው። ድስቱን የሚያስቀምጡበት ፈልገው አጡና መሬት ላይ አስቀመጡት።

«ሞቷል?» አሉኝ።

አዎ አልኳቸው።

«ይቺ ልጅ ነግራኝ ነበር? ያኔ ስንቀመጥ?»

«ነግራዎት ነበር።»

«አንተ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ሐኪሟ ምን እየተባባልን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ያን ጊዜ እንኳ ሥራዬ ማስተርጎም ነበር፤ አስተረጎምኩላት። እጇን አፏ ላይ አደረገች። እስከ ዛሬ ያንን እጅ አየዋለሁ። እሷ በደንብ የተናገረችውን እኔ ነኝ ያበላሸሁባት።

ዬርላን ከሰሰኝ፤ መክሰሱ ልክ ነበር። ዳያን ጠራችኝ። አልጮኸችም። ጨምረህ ነው ወይስ ቀንሰህ ብላ ጠየቀችኝ፣ ቀንሼ ነው አልኳት፣ ለምን አለችኝ። ስለ መርዶ ልነግራት ሞከርኩ። በእንግሊዝኛ ሳስረዳ ሁሉም ሰበብ ይመስላል። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ ሐኪሟ የተናገረችው ለሴትየዋ ነው፣ ለአንተ አይደለም አለች። ከሥራ ለተወሰነ ጊዜ ታገድኩ፣ ሥልጠናውን ድገም ተባልኩ። ሥልጠናው ውስጥ የሌለ ነገር አልነበረም፤ ሁሉንም በቃሌ አውቀው ነበር።

ለእናቴ ስነግራት መቆጣት ጀመረች፣ በእኔ ላይ ሳይሆን በሐኪሟ ላይ። ብቻዋን ለተቀመጠች ሴት እንዲህ ያለ ነገር የምትናገር ምን ዓይነት ሰው ናት አለች። ከዚያ ስለ ሾርባው ነገርኳት። «እኔ የወንድሜን አፈር ነው ያጣሁት፣ እሷ ግን ሰውዬውን በሕይወት ሳለ» ብላ ወደ ማድቤት ገባች።

ራውሻን አፓይ ዘንድ የሄድኩት ዘግይቼ ነው። ወሬው ቀድሞኛል፤ በዚህ ከተማ ካዛኮች ጥቂት ናቸው። ተቀመጥኩ። ሻይ አልቀዱም። ንገረኝ አሉ፣ ነገርኳቸው። የልጅ ልጃቸውን አንሶላ እያጣጠፉ ሰሙኝ፣ ጨርሰው በመዳፋቸው ደለደሉት።

«እኛም መርዶ በግልጥ አንናገርም» አሉ። «ሽማግሌ ይላካል፣ ዘወር አድርጎ፣ በምሳሌ፣ በግጥም ነው የሚነገረው። ያ ግን ለሞተ ነው። ላልሞተ ሰው መርዶ የለም፣ ባላም። ላልሞተ ሰው ስንብት ነው ያለው።»

ከዚያ ስለ ባቁል ነገሩኝ። ቋንቋውን ስማር ቃሉን በመዝገበ ቃላት አይቼው አልፌው ነበር። ሰው ሊሞት ሲል የኖሩት ሰዎች አጠገቡ ይቀመጡና አፉ ይባባላሉ፤ ያስቀየምኩህን ተውልኝ፣ ያስቀየምከኝን ትቼልሃለሁ ይላሉ። ሁለቱም ይላሉ። ይህን ሳይባባሉ የተለያዩ ባልና ሚስት ነገራቸው ሳይዘጋ ይኖራል። ኩላሽ አፓ ዕድሜ ልካቸውን ከቶክታር ጋር ሲጣሉና ሲታረቁ ኖረዋል አሉኝ፣ ስለ ብዙ ነገር፤ ወደዚህ አገር መምጣትም አንዱ ነው፣ እሱ አልፈለገም ነበር። ይህን ሁሉ የሚዘጉበት አንድ ከሰዓት በኋላ ነበራቸው።

«እኔ ቋንቋዬን ሰጠሁህ» አሉኝ። «አንተ በእኔ ቋንቋ የአገርህን ልማድ ሰጠሃት። ልማድህ ክፉ አይደለም። ግን የእሷ አይደለም።»

አለቀስኩ። አላባበሉኝም። አርባው ሲደርስ አብረን እንሄዳለን ብቻ አሉኝ።

አርባ ቀን ሲሞላ ኢንስፒራዳ ሄድን። ቤቶቹ ሁሉ አንድ ቀለም ናቸው፤ የእነሱን ያወቅነው በር ላይ በተደረደረው ጫማ ነው። ዬርላን በር ከፈተ፣ አየኝ፣ ለራውሻን አፓይ ብሎ መንገድ ለቀቀ። ቁርኣን ተቀራ፣ ምግብ ቀረበ፣ ሰው ቀስ በቀስ ተበተነ። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ነበር። ይቅርታ ለመጠየቅ የምለውን በካዛክኛ አዘጋጅቼ፣ ደጋግሜ አጥንቼው ነበር።

ኩላሽ አፓ በእጃቸው ጠሩኝ። ፊት ለፊታቸው ተንበርክኬ ያጠናሁትን ስጀምር አስቆሙኝ።

«ያንተን አልፈልግም» አሉ። «ያቺ ሐኪም ልጅ ያለችውን ንገረኝ። እንዳለችው።»

ዬርላን ከወዲያ ተነሣ፤ ራውሻን አፓይ ክንዱን ይዘው አስቀመጡት።

ነገርኳቸው። ልቡ በጣም ደክሟል፣ መድኃኒቱም አልሠራም። ሶንዲክታን ዛሬን የሚያድር አይመስለንም። ቢራቅ አሁን ነቅቷል፣ ይሰማል፣ ይናገራል። ሶንዲክታን የምትባባሉት ካለ አሁን አጠገቡ ሁኚ፣ ኦይትከኒ ሰዓቱን ማንም ሊያውቅ አይችልም። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ሐኪሟ ፋታ የወሰደችበት ላይ ፋታ ወሰድኩ።

ኩላሽ አፓ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። የቀሚሳቸውን ጫፍ በጣታቸው እየጠቀለሉ፣ ይሰማል ብላ ነበር? አሉ። ይሰማል ብላለች አልኳቸው። ይናገራልስ? ይናገራል ብላለች። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረው፣ ለእኔም ለማንም ሳይሆን፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «ባቁል ቦል፣ ቶክታር» አሉ። ጆሯቸውን ወደ ጎን አዘንብለው ትንሽ ቆዩ፣ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው። በቤቱ ውስጥ የሕፃኑ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው።

ያንን ዝምታ ከዚያ በኋላ በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ ተሸክሜዋለሁ። ወደ ሥራ ስመለስ ጨካኝ እስኪመስል ልክ ሆንኩ። ሰው ሲያለቅስ ድምፄን አላለሰልስም ነበር፤ «ስለዚህ» ከተባለ ስለዚህ፣ «ግን» ከተባለ ግን። አንዳንድ ቤተሰብ ይህ ልጅ ልብ የለውም ብሎ ለዳያን ተናግሯል፤ እሷ ግን ሥራዬን አመስግናለች። አሁን በእኔ ቦታ ማሽኑ ተተካ። ማሽኑ የእናቱን ወንድም መርዶ አያስታውስም፤ ምናልባት እሱ ይሻል ይሆናል። ይህን ስል ራውሻን አፓይ አይወዱልኝም።

ያን ቀን ኩላሽ አፓ ከግድግዳው ወደ እኛ ሲዞሩ ፊታቸው ደርቆ ነበር። ምራታቸው ሻይ ልትቀዳ መጣች። እሳቸው ማንቆርቆሪያውን ከእጇ ተቀበሉ። ለራውሻን አፓይ ቀዱላቸው፤ ከሲኒው ግማሽ አልሞላም። ለእኔ ቀዱልኝ። ግማሽ ላይ ሲደርስ እጃቸው አልቆመም። ቀስ ብለው፣ አንድ ጠብታ ሳያፈስሱ፣ እስከ አፉ ሞሉት፣ በሁለት እጃቸውም ይዘው አቀረቡልኝ።

ራውሻን አፓይ ሲኒውን አይተው ዓይናቸውን ወደ ጉልበታቸው ጣሉ።

ሻዩ ትኩስ ነበር። ሳላቀዘቅዘው ጠጣሁት፣ ሲኒውን በሁለት እጄ መለስኩ፣ ራህመት ብዬ አመሰገንኩ፣ ተነሣሁ። ራውሻን አፓይ ሲኒያቸው ሊደገምላቸው እዚያው ቀሩ። እኔ በር ላይ ከተደረደረው ጫማ መካከል የራሴን ፈልጌ አደረግሁ።